ለልጄ፦ የዛጎልና የባሕር ወፍ ቴምብሮቼን ስልክልሽ

ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

በስልክ የጠየቅሽኝን አልበም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የቸኮልሁት የጣና እርጥበት እየጎዳብኝ ስለሆነ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በመስኮቱ ሥር ትቼው ከርሜ ዝናሙ ሲያባራ ብከፍተው፣ ማኅተም ያላረፈባቸው ቴምብሮች ሙጫቸው ረጥቦ ከገጹ ጋር ተጣብቀው አገኘኋቸው። አንዱን በችኮላ ስነቅል ጀርባው ተልጦ ቀረ። አንቺ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፤ ቴምብሩንም በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዢ፣ ከዳር ጥርሱ አንድ እንኳ ከጎደለ ዋጋ የለውምና።

የወፎቹ ገጽ ጥቂት ነው። የፎክላንድ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጡት ባለ 5 ሽልንግ የንጉሥ ፔንግዊን ቴምብር የለኝም፤ ዋጋው አይቀመስም። ፔሊካን ያለባቸውን ለይቼ አስቀድሜያለሁ፤ እሱን እንኳ ከቤታችን ደጅ ሆነን እናየዋለን።

ዛጎሎቹን ግን ቀስ ብለሽ እይልኝ። ዛጎልን ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ አንቺ አድርገሽ ብትይዣት፣ የአብዛኞቹ አፍ በቀኝ በኩል ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ካወጣቻቸው አምስት ባለ 22 ሳንቲም የዛጎል ቴምብሮች አንዷ፣ መብረቅ የመሰለ ቡናማ መስመር ያላት፣ በግራ ትከፈታለች። መጀመሪያ ሳያት አታሚው ሥዕሉን ገልብጦታል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በትልቅ ሠዓሊም ደርሷልና። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1650 ዛጎል በመዳብ ላይ ሲቀርጽ፣ ፊርማው በወረቀቱ ላይ ቀንቶ እንዲወጣ ገልብጦ ጽፎ፣ ዛጎሏን ግን እንዳያት ስለቀረጻት፣ ስትታተም የቀኟ ግራ ሆና ወጥታለች። የቴምብሯ ግን ስሕተት የለበትም፤ ያቺ ዝርያ ከተፈጥሮዋ ግራ ናት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በልጅነትሽ ከሐይቁ ዳር ለቅመሽ በክብሪት ቤት ያስቀመጥሻቸውን ቀንድ አውጣዎች አውጥቼ ተመለከትሁ። (ውኃ ውስጥ ገብተሽ የለቀምሽ ዕለት እናትሽ ቢልሃርዚያን ፈርታ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል፤ እውነቷን ነበር፣ በሽታው የሚተላለፈው በእነዚሁ በኩል ነው።) ሁለቱን በጥጥ ጠቅልዬ ከአልበሙ ጋር አኑሬልሻለሁ። እኔ አንደኛዋ ግራ ትመስለኛለች፣ ነገር ግን ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ዓይኔም ደክሟል። ከአሜሪካዋ ቴምብር አጠገብ አድርገሽ በአጉሊ መነጽር እያትና አፏ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጻፊልኝ።

አባትሽ