የትራማዶል ሱስ ህክምና አለው፣ ወደኛም ይምጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ባለፈው ስለ አሜሪካ የፈንታኒል ጉዳይ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሁፉ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው አንብቦ "አይ የፈረንጅ ጉድ" ብሎ ጋዜጣውን አጥፎ የሚያስቀምጠው አይነት ሆነብኝ፣ የኛም ጉድ መሆኑ አልተጻፈበትም። እኛ ጋ ያለው ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻ ኪኒን ነው፣ እሱም የዛው ዘር ነው፣ ሞርፊኑም ሄሮይኑም ፈንታኒሉም ትራማዶሉም ኦፒዮይድ የሚባሉት፣ ህመም የሚያስታግሱ ግን ሱስ የሚያስይዙ ናቸው፣ የሚለያዩት በጉልበታቸው ነው እንጂ ሱሱስ ያው ሱስ ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ማን እንደሚወስደው ልንገራችሁ። በደሴ መንገድ ሌሊቱን ሲጓዝ የሚያድር የጭነት መኪና ረዳት አለ፣ ድካሙ እንዳይሰማው ብሎ ሲሚንቶ ከማውረዱ በፊት የሚውጥ ልጅ አለ፣ በጦርነቱ ጊዜ ቆስሎ ለህመሙ ታዞለት እዛው የቀረም አለ። ዱርዬ እየተባሉ ነው የሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ግን ሲጀምሩ የሚያማቸው ነገር ነበረ።

የእህቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ሲነዳ ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ፣ ሀኪሙ ባለ 50 ሚሊግራም ትራማዶል አዘዘለት፣ ልክ ነበር፣ ህመሙ የምር ነበር። እግሩ ዳነ፣ ማዘዣው አለቀ፣ እሱ ግን ሳይጠይቅ የሚሸጥለት አገኘና ቀጠለ። አንድ ቀን ቡና ተቀምጠን እያለ ወደቀና ይንፈራገጥ ጀመር፣ ጎረቤት ሮጦ መጥቶ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፣ አንዱ የሚጥል በሽታ ነው አለ፣ አንዷ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለች። ትራማዶል ሲበዛ እንደዛ እንደሚጥል የነገረን ሰው አልነበረም። በቀን ከ400 ሚሊግራም እንዳያልፍ ነው የሚባለው፣ እሱ ግን አንድ ቅጠል ኪኒን በአንዴ ይጨርስ ነበር።

እንደዚህ ሲሆን ቤተሰብ የሚያደርገው ይታወቃል፣ ቤት ይዘጋበታል። ሀራራውን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱ ይቆርጠዋል፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። ከዛ እያደር ይቀለዋል፣ ምግብ ይበላል፣ ሁሉም ተመስገን ይላል፣ ዳነ ተብሎ በሩ ይከፈታል።

እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህች ሰዓት ነው። ሞት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር፣ ገጠር ዘመድ ጋ ተልኮ ወራት ቆይቶ ወዝ ወዙ ብሎ መጣ፣ በመጣ በሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር አረቄ ጠጣና ድሮ የሚወስደውን ያህል ትራማዶል ዋጠበት። ሰውነቱ በነዛ ወራት ልምዱን ትቶታል እኮ፣ ድሮ ምንም የማይለው መጠን አሁን ትንፋሽ ይይዛል፣ አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እያንኮራፋ ነበር፣ እናቱ ደህና እንቅልፍ ተኛልኝ ብላ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ያ አይነት የሚጎተት ማንኮራፋት ትንፋሽ እየተያዘ መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች፣ ማን ነግሯት። ጠዋት አልነቃም።

ስለዚህ ማስቆም ብቻውን ህክምና አይደለም። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድሀኒቶች አሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. መሰረታዊ መድሀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሀራራውን ያስታግሳሉ፣ ሰውዬው ሳይሰክር ስራውን ይሰራል፣ ክትትሉም ወራት ዓመታት ሊሆን ይችላል። ታንዛኒያ ከ2011፣ ኬንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜታዶን ይሰጣሉ፣ አውሮፓ አይደሉም የኛው ምስራቅ አፍሪካ ናቸው። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ማንኛውም ጠቅላላ ሀኪም ቡፕረኖርፊን እንዲያዝ ስትፈቅድ በጥቂት ዓመት ውስጥ በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ከልክ በላይ ወስዶ፣ የሚሞተው ሰው ወደ 80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። "ሱስን በሱስ መተካት ነው" የሚሉ አሉ፣ እነሱ ልጅ አልቀበሩም።

ትራማዶል ላይ ላለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀስ እያሉ መቀነስም ይሰራል። የእህቴን ልጅ አዲስ አበባ አንድ ዶክተር እንደዛ ነው የያዘው፣ ኪኒኑን እኔ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ጠዋትና ማታ በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ሀኪሙ ባለን ጊዜ ደግሞ ቀነስ እናደርጋለን። አንዳንድ ቀን ተጣልተናል፣ ቁልፉን አምጪ ብሎኝ በር ደብድቧል። ዛሬ ባጃጁ ላይ ነው፣ ክትትሉም አልተቋረጠም። ግን ለዚህ አዲስ አበባ መመላለስ ነበረብን፣ የትራንስፖርቱን ማን ይችለዋል? የመንዝ ገበሬ፣ የመርሀቤቴ ገበሬ ይችለዋል? እዚህ አካባቢ የጠየቅናቸው ባለሙያዎች የሜታዶንንና የቡፕረኖርፊንን ስም ያውቁታል፣ ከየት እንደሚገኝ ግን ሊነግሩን አልቻሉም።

አይቻልም እንዳትሉኝ። የኤችአይቪ መድሀኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ወደየጤና ጣቢያው ሲወርድ የሰጠው ነርስና ጤና መኮንን ነው፣ ስፔሻሊስት እስኪመጣ አልተጠበቀም። ጸበሉንስ ምን እናድርገው ለሚል፣ ያኔ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድሀኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። እኛም ጻድቃኔ ማርያም ሄደናል፣ አባታችን ኪኒንህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ ነው ያሉት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ይሄ ነገር ሲወራ መፍትሄ ተብሎ ቶሎ የሚመጣው ፋርማሲ ማሸግና ልጆቹን ማሰር ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ይጠየቅ፣ እስማማለሁ፣ ልጃችንን የጎዳው እሱ ነው። ግን አሜሪካ ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦፒዮይድ ኪኒን በ1996 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ስንቱን ሱስ አስይዞ፣ ኋላ የማዘዣው ቁጥጥር ሲጠነክር ህክምናው አብሮ ስላልሰፋ ሰዉ ወደ ሄሮይን ከዛም ወደ ፈንታኒል ነው የሄደው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በላይ ሰው በኦቨርዶዝ ሞቷል፣ ወደ 80 ሺህ የሚሆነው በኦፒዮይድ ነው። ደግሞ በካንሰር የምትሰቃይ እናት ሞርፊኗን እንዳታጣ፣ ለሷ መድሀኒቱ ምህረት ነው።

የዞናችን ጤና መምሪያና የክልሉ ጤና ቢሮ ይህን ካነበባችሁ የምንለምነው ይሄ ነው። በየሆስፒታሉ ሱስ የሚታይበት አንድ ክፍልና የሰለጠነ ሰው ይኑር፣ ቡፕረኖርፊን ወይ ሜታዶን ይግባ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ መቀነስና መከታተል የሚችል ነርስ ይሰልጥን። ናሎክሶን የሚባለው መርፌ በየአምቡላንሱና በየድንገተኛ ክፍሉ ይቀመጥ፣ የተያዘ ትንፋሽን በደቂቃዎች የሚመልስ ነው። ትራማዶልን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ ማንቀጥቀጡንም አያቆምም፣ ጉልበቱም ቶሎ ስለሚያልቅ ሰውዬው ሆስፒታል መድረስ አለበት፣ ቢሆንም ለመድረስ የሚያበቃ ጊዜ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞሩ ለእናቶች ይህችን ይንገሩልን፦ ኪኒን የዋጠ ልጅ ከወትሮው ለየት ብሎ ካንኮራፋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲነቀንቁት ካልነቃ በጎኑ አስተኝተው አምቡላንስ ይጥሩ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን