ነፋሱን ስናለሰልስ ምን እየደመሰስን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ነፋስ ከምድር ከፍ ባለ ቁጥር እንዴት እንደሚለዋወጥ ያስረዳችሁበትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። አብሮት የታተመው ሥዕል ግን አሳስቦኛል። ከታች እስከ ላይ አንዳች ስብራት የሌለው፣ ለስላሳ መስመር ብቻ ነበር። የዕለት ሥራዬ እንዲህ ያሉ ልኬቶችን ማጥራት ነውና፣ መስመሩ ምን ያህል እንደተለሰለሰ ሳይነገር መውጣቱን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

ማለስለስን፣ ማለትም ተቀራራቢ ልኬቶችን በአማካይ እያጠቃለሉ የመስመሩን ስብራት ማጥፋትን፣ አልቃወምም። ራዲዮሶንድ የተባለው የአየር ሁኔታ መለኪያ መሣሪያ በፊኛ ላይ በረጅም ገመድ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ገመዱ 30 ሜትር ከሆነ በ11 ሰከንድ ገደማ አንዴ ደርሶ መልስ ይወዛወዛል። ይህ ውዝዋዜ የገመዱ እንጂ የነፋሱ ስላልሆነ መወገድ ይገባዋል። ችግሩ ከዚያ አልፈን ስንሄድ ነው። ፊኛው በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ስለሚወጣ፣ የአንድ ደቂቃ ልኬት በአማካይ ሲጠቃለል 300 ሜትር ውፍረት ያለው አየር ወደ አንድ ቁጥር ይወርዳል። በጊዜ ያለሰለስን እየመሰለን ከፍታውንም አለሰለስነው ማለት ነው። ሌሊት ከመሬት ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ቀጭንና ፈጣን ነፋስ በዚህ መካከል ይጠፋል። ለማረፍ ዝቅ የሚል አውሮፕላን ግን የሚገጥመው ያንኑ ነፋስ ነው፤ አማካዩን አይደለም።

አቅጣጫ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አቅጣጫ ከሰሜን ጀምሮ በዲግሪ ዙሪያውን ስለሚቈጠር፣ 350 ዲግሪና 10 ዲግሪ ሁለቱም የሰሜን ነፋሶች ናቸው። ቁጥሮቹን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው 180 ያገኛል፤ የደቡብ ነፋስ! ስለዚህ እያንዳንዱ ልኬት አስቀድሞ የምሥራቅ-ምዕራብና የሰሜን-ደቡብ ክፍሎቹ ተለይተው፣ ማለስለሱ በእነርሱ ላይ ይደረጋል። ይህም ቢሆን ለሁሉም ጉዳይ አይበጅም። ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው እኩል ነፋሶች በዚህ ስሌት ዜሮ ይሆናሉ፤ የነፋስ ተርባይን ግን በሁለቱም ይዞር ነበር። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ የሚያድግ ስለሆነ፣ ለተርባይን የሚሠራ ባለሙያ ፍጥነቱን ለብቻው መያዝ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ማለስለስ ስሕተትን የሚያሳምር መሆኑ ነው። ነፋስን ከመሬት ሆነው ወደ ላይ የሚለኩ ራዳሮች በፍልሰት ወራት ሌሊት ሌሊት የሚበሩ ወፎችን እንደ ነፋስ ሊቈጥሩ ይችላሉ። መንጋው ለሰዓታት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚበር የሰዓት አማካይ ይህን አያጠፋውም፤ እንዲያውም እምነት የሚጣልበት ያስመስለዋል። በአማካዩ ፈንታ፣ ልኬቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለውን ቁጥር መውሰድም ቢሆን የሚረዳው ከልኬቶቹ አብዛኞቹ ንጹሕ ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ይቅደም፤ ማለስለሱ ይከተል።

ልመናዬ ይህ ነው፦ ወደፊት እንዲህ ያለ ሥዕል ስታትሙ ጥሬዎቹን ልኬቶች በነጥብ ከመስመሩ ሥር አሳዩን፤ አማካዩ የስንት ደቂቃና የስንት ሜትር እንደሆነም በግርጌው ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ