ግልጽ ደብዳቤ፦ ሰርተፊኬቱ ደርሶኛል፣ ምክሩ ግን አልደረሰኝም

ይድረስ ለአነስተኛ ንግዶች የምክር አገልግሎት ኃላፊ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያውን ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጠሁ። “አልደረሰንም” ስለተባልኩ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሦስተኛው ተመለሰልኝ። ምክንያቱ? የድርጅት ማህተም የለውም። ማህተም እንዲህ ከወደዳችሁ፣ እንግዲያው ስለ ማህተም እናውራ።

የምሠራው የቆዳ ቦርሳ ነው። እኔን ጨምሮ አምስት ነበርን። ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ ውጭ ሀገር አንድ ገዢ አገኘሁ። ደስታው አንድ ቀን ቆየ፣ ከዚያ ፍርሃት መጣ፤ ወደ ውጭ ልኬ አላውቅማ። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ። በራችሁ ላይ “ከአዲስ ገበያ ጋር እናገናኝዎታለን” ይላል።

ሦስት ቀን አሠለጠናችሁኝ። ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ስልክ ጠጋኙና እኔ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቀን ስለ “ሥራ ፈጣሪ አስተሳሰብ” ሰማን። ስለ ራዕይም ብዙ ተባለ። እጄን አውጥቼ ስለ ጭነት ጠየቅኩ። አሠልጣኙ “እሱን በሻይ ሰዓት እናወራዋለን” አሉኝ። በሻይ ሰዓት ፎቶ ተነሣን።

ቦርሳዎቹን በእንጨት ሳጥን አሽጌ ላክሁ። ወደብ ላይ ተያዙ። ቦርሳዎቹ ምንም አልሆኑም፤ ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው! አይ ኤስ ፒ ኤም 15 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። እንጨት ውስጥ ተደብቀው ከሀገር ሀገር የሚሻገሩ ተባዮችን ለመከላከል ነው። እንጨቱ እስከ መሃሉ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቅ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከም አለበት። ከዚያ የስንዴ ዛላ ምስል ያለበት ምልክት ይመታበታል። የእኔ ሳጥን ይህ ምልክት አልነበረውም። በካርቶን ብልከው ኖሮ ደንቡ ጭራሽ አይመለከተኝም ነበር።

ጭነቱ ተመለሰ። የመመለሻውን ማጓጓዣ ከኪሴ ከፈልኩ። ገዢው ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ከሠራተኞቼ አንዷን አሰናበትኩ። ለእሷ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም።

ደንቡን እናንተ ታውቁታላችሁ። ማወቃችሁን የተረዳሁት ቅሬታ ይዤ ስመጣ ነው። ባለሙያችሁ መሳቢያውን ከፍቶ መመሪያውን አወጣና “ይኸው፣ ተጽፏል እኮ” አለኝ። መሳቢያ ውስጥ!

ምክር አይጠቅምም ያልኩ እንዳይመስልዎት። የሚያናድደኝ መጥቀሙ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ 432 አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን ያቀፈ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕጣ ለወጣላቸው አማካሪ ተመደበላቸው። አማካሪው ለአንድ ዓመት፣ በሳምንት 4 ሰዓት ከባለቤቱ ጋር እየተቀመጠ ነው የሚሠራው። ከዓመታት በኋላ ሲታይ ዕጣው የወጣላቸው ድርጅቶች ከሌሎቹ የበለጠ ሠራተኛ ቀጥረው ተገኙ። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ለአነስተኛ ምንጣፍ ሠሪዎች የውጭ ትዕዛዝ ሲፈለግላቸው ትርፋቸው ከ16 እስከ 26 በመቶ ጨመረ። የምንጣፋቸውም ጥራት ተሻሻለ። ገዢው ያልወደደው ነገር ይነገራቸዋል፣ እነሱም ያስተካክላሉ። አዳራሽ አልነበረም። ሰርተፊኬትም የሰጣቸው የለም መሰለኝ።

እኔ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው። ገዢው “የሲ አይ ኤፍ ዋጋ ላክልኝ” ሲለኝ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ በእኔ ሂሳብ መግባቱን የሚነግረኝ ሰው። (አልነገራችሁኝም። የወርክሾፕ ዋጋዬን ልኬ ነበር፣ ትራንዚተሩ ሳቀብኝ።) የቦርሳዬን 6 አሃዝ የጉምሩክ ቁጥር አብሮኝ የሚፈልግ ሰው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ ቀረጡም ይሳሳታልና። ወርክሾፔ መጥቶ “ሳጥኑን አሳየኝ” የሚል ሰው። ሁለት ቃል ነው፣ ክቡርነትዎ።

አሁን ወደ ሪፖርታችሁ ልምጣ። በዓመታዊው ሪፖርት ውስጥ ድርጅቴን አየሁት። “ከዓለም አቀፍ ገበያ ጋር የተገናኙ” በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነን። ውሸት ነው ለማለት እንኳ አይመች። ተገናኝተን ነበር፣ ወደቡ ላይ። እባክዎ ስማችንን ያውጡት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስንት ሰው አዳራሽ እንደገባ ሳይሆን ስንት ጭነት ገዢው ጋ እንደደረሰ ቁጠሩ። ቁጥሩ ያነሰ ይሆናል፣ አውቃለሁ።

በመጪው ወር ሌላ ትንሽ ጭነት አለኝ። ምልክቱን የሚመታልኝን ድርጅት ራሴ እየጠየቅኩ አገኘሁት። ሳጥኑ ማህተም አለው። ይህ ደብዳቤ ግን አሁንም የለውም።

አንድ ቦርሳ ሠሪ