የፊት አክሰል ማፍሰስ «ትንሽ» አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በዚሁ የደብዳቤ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ፣ የቆዩ ፎርዊል መኪኖች መሪያቸው እየተርገበገበ ሰው ከመጨረሳቸው በፊት ከመንገድ ይውጡ ሲሉ ጽፈው አነበብኩ። ስጋታቸው እውነት ነው። ያዩትን መርገብገብ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን መኪናው ስላረጀ የመጣ አይደለም። የፊት አክሰሉ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚሸከመው ብረት) በወጉ ሳይከፈት ለዓመታት ስለቆየ የመጣ ነው። ይህን የምለው ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላም በራሴ ጋራዥ እነዚህን መኪኖች ስፈታና ስገጥም ስለኖርኩ ነው።

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጃናሞራ አንድ ሾፌር ላንድክሩዘር ፒክአፕ ይዞ መጣ። ባለ 75 የምንለው ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቶዮታ የፊቱን ባሌስትራ (ተደራራቢ ብረት) በጥምዝ ሞላ ከመቀየሩ በፊት የተሠራ። ድንችና ገብስ ይጭናል፣ ሰው ሲታመምም ሐኪም ቤት ያደርሳል። በቧሂት ተራራ በኩል ደባርቅ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚያ ምን ዓይነት መኪና እንደሚያስፈልግ አይጠይቀኝም።

«ጋሼ፣ 60 ላይ ሆኜ አንድ ጉድጓድ ከነካች መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል» አለኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ጋራዥ ገብቷል። የመሪውን ሾክ (ንዝረት ማብረጃውን) ሁለት ጊዜ ቀይረውለታል፣ ጎማውን ባላንስ አስደርገዋል፣ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች) ለውጠዋል። ከናክሉ (መሪ ሲዞር ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክፍል) ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ ሲያሳያቸው ደግሞ «ትንሽ ነው» ብለው በላይኛው ብሎን ቀዳዳ ግራሶ ሞልተው ሸኝተውታል።

እስቲ በክሪክ እናንሳው አልኩ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስገፋና ስስብ ይንቀሳቀሳል። ሾፌሩን ፍሬን እንዲረግጥ አደረግኩና ደግሜ ሞከርኩት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን የኪንግ ፒን (ናክሉ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ) ኩሽኔታ ነው። አልጠፋም። ይህን ለማወቅ የፈጀብን ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ የሚያስፈልገውም ክሪክና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

ሞዞውን ስንከፍት መጀመሪያ ያገኘነው የመሮ ጠባሳ ነበር። የሞዞውን ኩሽኔታ የሚያጠብቀው ዳዶ የሚፈታው በ54 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶው ላይ በሚጠለቅ መፍቻ) ነው። ቡሶላ የሌለው ሰው በመሮና በመዶሻ እየመታ ሲፈታና ሲያጠብቅ ጠርዙ ተቦጫጭቆ ነበር። በመሮ የተመታ ዳዶ ምን ያህል እንደጠበቀ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቀጥሎ ስፒንድሉን (ሞዞው የሚሽከረከርበትን ክፍት ቱቦ) ስናወጣ ውስጥ የነበረው ግራሶ እንደ ቀጭን ሽሮ ፈሰሰ፤ የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ጥርስ) ዘይት የድኝ ሽታውም ጋራዡን ሞላው። የታችኛውን የኪንግ ፒን ኩሽኔታ አውጥቼ በናፍጣ አጥቤ ወደ ብርሃን አወጣሁት። የተቀመጠበት ቀለበት ላይ ሮለሮቹ አንድ በአንድ ጉድጓዳቸውን ቆፍረዋል፤ በየጉድጓዱም የዝገት ነጠብጣብ አለ። መሪውን ሲያርገበግበው የኖረው ይኸው ነው፤ ሾኩ ለጊዜው ሲሸፍነው ቆየ እንጂ ምንም አልፈወሰውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ሴሚያክሱ፣ ላይ አንዲት ፓራኦሊ (ዘይት የምታግድ ቀለበት) አለች። እሷ ስታልቅ ቀጭኑ ዘይት ወደ ናክሉ ይገባና ሲቪ ጆይንቱን (ሴሚያክሱ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገውን መጋጠሚያ) እና የኪንግ ፒን ኩሽኔታዎቹን የሚጠብቀውን ወፍራም ግራሶ ያቀጥነዋል። ከዚያ በስፒንድሉ በኩል አልፎ የሞዞውን ኩሽኔታ ያጥባል፣ በመጨረሻም የፍሬን ሸራው ላይ ይደርሳል። ቁልቁለት ላይ አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው ሳይዝ ምን እንደሚሆን ለሾፌር አይነገርም። በላዩ ላይ ግራሶ መሙላት የቀጠነውን ማብዛት ብቻ ነው።

ፓራኦሊዋን ብቻ ቀይሮ መዝጋትም አይበቃም፤ ለምን እንዳለቀች መጠየቅ አለበት። በዚህ መኪና ላይ ምክንያቱን ያገኘነው ከአክሰሉ አናት ላይ ነው። የአክሰሉ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኗል። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ሲያጣ ፓራኦሊዋን ይገፋል፤ የሞቀው አክሰል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድንገት ቀዝቅዞ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በኩሽኔታው ላይ የነበረው ዝገት ከዚያ የመጣ ነው። መተንፈሻውን በቀጭን ሽቦና በናፍጣ አጸዳነው፤ አንዲት ሳንቲም አላስወጣም።

ስለ ሺሞቹ ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሺም የምንላቸው ከኪንግ ፒኑ በላይና በታች ያሉ፣ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስኑ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ቆርቆሮዎች ናቸው። ረዳት በነበርኩ ጊዜ አጥቤ በአንድ ሰሃን ላይ አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ አድርጌ ገጠምኩ። ናክሉ በጥቂቱ ከቦታው ተዛነፈ፤ ሴሚያክሱም ፓራኦሊዋን በአንድ ጎን እየጫነ አዲሷን በሁለት ወር በላት። ባለቤቱ ምስኪን ገበሬ ነበር፤ ደግሞ ከፍሎ ተመለሰ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሺም የወጣበትን ጎን በጻፍኩበት ወረቀት ጠቅልዬ አስራለሁ፤ ልጆቹንም መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንን ነው።

ኩሽኔታው በትክክል መጥበቁን የምናውቀውም በእጅ ግምት አይደለም። ቅቤ ነጋዴዎች የሚይዙት ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን አለኝ፤ ከገበያ ነው የገዛሁት። ሴሚያክሱና የኳሱ ጨርቅ (ናክሉ የሚዞርበትን የአክሰሉን ክብ ጫፍ የሚጠርገው) ሳይገቡ፣ የሚዛኑን ሜንጦ ቴስቲናው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሰክቼ በቀስታ እስባለሁ። ናክሉ መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ማሳየት አለበት። የዚህ መኪና ቀኙ በአዲስ ኩሽኔታ እንኳ መጀመሪያ 2 ኪሎ እንኳ አልሞላም። አንዲት ስስ ሺም ስናወጣ 4 ኪሎ ተኩል መጣ። ረዳቴ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ላይ የታየውን ደስታ ብታዩት!

ሲቪ ጆይንቱ ሲታጠፍ ቋ ቋ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ግን አልተሰበረም። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ኳሶች መኪናው ወደ ፊት ሲነዳ የሚጫኑት የመንገዳቸውን አንድ ወገን ስለሆነ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብናዛውረው ባልተበላው ወገን ይሠራል። እንደዚያው አደረግን። በጥቁሩ ሞሊ ግራሶ ሞልተን፣ አራቱን የኪንግ ፒንና አራቱን የሞዞ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዎቹንና የኳሱን ጨርቅ በሁለቱም ጎን ለውጠን ዘጋን። ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ባለንብረቶች «በግማሽ ቀን ጨርስልኝ» እያላችሁ አታስጨንቁን፤ ግማሽ ቀን ግራሶ ለመሙላት ብቻ ነው የሚበቃው።

ሾፌሩ ከፋሲካ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ አስቆምኩትና የናክሉን ኳስ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ላይ የቀረው ስስ ጥቁር ቅባት ብቻ ነው፤ ጤነኛ ኳስ እንደዚያ ነው። መሪውንም ጠየቅሁት፤ «በአንድ እጄ ነው የመጣሁት» አለኝ።

አሁን ልመናዬ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ነው። ወደ እኔ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ የሞተር ክፍሎችን ስም በቃላቸው ያውቃሉ። የፊት አክሰል በእጁ ከፍቶ የገጠመ ግን እስካሁን አንድም አልገጠመኝም። ግቢዬ ውስጥ ከተገለበጠ መኪና የወጣ የባለ 75 ሙሉ የፊት አክሰል ተቀምጧል፤ ናክሉም፣ ሞዞውም፣ ሴሚያክሱም አለ። ለማስተማሪያ የሚፈልግ ኮሌጅ ካለ ያለ ምንም ክፍያ እሰጣለሁ። መኪና ይዘው ይምጡ፤ ሦስት ሰው ያነሣዋል። 54 ቁጥሩን ቡሶላም አብሬ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ
ከአዘዞ፣ ጎንደር