የጀርመንኛ ተማሪዎች ወሬም ይማሩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሐምቡርግ 6 ዓመት ኖሬ ለእረፍት ሐዋሳ መጥቻለሁ። የእህቴ ልጅ ባሏ ጀርመን ነው፤ እሱ ጋ ለመሄድ ኤ1 የሚባለውን የጀማሪዎች የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ ስላለባት ሌት ተቀን ታጠናለች። ስሟን ፊደል በፊደል ትዘረዝራለች። ዕድሜ፣ አገር፣ ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ፣ ሁሉንም ሸምድዳዋለች። «እሺ፣ የፎቁ ደረጃ ላይ ጎረቤትሽን ብታገኚ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች።

እኔም እንደዚሁ ነበር የሄድኩት። ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ኮሪደር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ማልትሳይት» ይለኛል። ቃሉ ምግብ ማለት ስለሆነ ሂጂ ብዪ የሚሉኝ እየመሰለኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። የምሳ ሰዓት ሰላምታ መሆኑን ያወቅኩት ስንት ወር ቆይቼ ነው። በእረፍት ሰዓትም ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚባሉት የስም ጾታ መለያዎች እንዳይምታቱብኝ ብዬ አፌን ዘግቼ ቡናዬን እጠጣለሁ። ኋላ ላይ ከአንዷ ጋር ስንቀራረብ ነገረችኝ፤ ለካ ኩራተኛ ናት ሲሉኝ ነው የከረሙት። በጣም ከፋኝ። እዚህ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ከሹፌሩ ጋር ሳልጫወት የማልወርድ ሰው ነኝ እኮ!

አፌን ያስፈቱኝ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ጃንጥላቸውን እያራገፉ «ሾን ቪደር ሬገን» አሉ፤ ደግሞ ዘነበ እንደማለት ነው። «ያ፣ ሾን ቪደር» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈገግ አሉ፣ ጋሪውን ይዘን አብረን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሳያናግሩኝ አልፈው አያውቁም።

እኛ ስንገናኝ ልጆቹ፣ እናትሽ፣ ሥራው እያልን ሁሉንም እንጠይቃለን። እዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ የሚጀመረው በአየሩ፣ በባቡሩ መዘግየት፣ በቅዳሜና እሁዱ ነው። ሐምቡርግ ደግሞ ጠዋትም ይሁን ማታ «ሞይን» ካሉ ሰላምታው አለቀ። ይሄንን ማወቅ ሰዋስው አይጠይቅም፤ የሚነግር ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ኤ1 የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ከየክፍለ ጊዜው 10 ደቂቃ ለወሬ ስጡልን። እንደኔ ለእረፍት የመጣችሁም ብትሆኑ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እየሄድን ጀምረናል። ትናንት አሞራ ገደል ዓሣው ሲቀርብልን ቀና ብላ «ሾን ቪደር ፊሽ» አለችኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ