የአባባን ዕቃ አትበትኑት

ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚህ ልለፈው፤ ያስቸኮለኝ ጉዳይ አለ።

የአባባን ክፍል ልታከራዩት ነው። ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፣ የቀረው ለቆራሌው ይሸጣል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ልብሱን ስጡ፣ ለነፍሱ ነው። ቆራሌው ግን ደጃችንን እንዳይረግጥ። ኪራዩን የፈለጋችሁት ለሠርግሽ ወጪ እንደሆነ ይገባኛል። እሱን ለእኔ ተይው።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ልንገርሽ። መልእክትሽ በደረሰኝ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሀዎርዝ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደችኝ። ከምኖርበት ከብራድፎርድ ሩቅ አይደለችም። ዳገት ላይ ናት፣ ነፋሷ ደብረ ብርሃንን አስታወሰኝ። እዚያ ብሮንቴ የሚባሉ ሦስት እህትማማች ደራሲዎች የኖሩበት ቤት አለ። ሻርሎት፣ ኤምሊና አን። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ቤቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

ዕቃቸውን ብታዪ! የሻርሎት ጫማ የልጅ ጫማ ይመስላል። የኤምሊ ውሻ የአንገት ማሰሪያ ሳይቀር ተቀምጧል። በልጅነታቸው በእጃቸው የሠሯቸው መጻሕፍት ከክብሪት ቀፎ አይበልጡም፤ ጽሕፈቱን ለማንበብ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚጽፉበት ጠረጴዛ ነው ያስቆመኝ። ቀለም ፈስሶበታል። ሻማ አቃጥሎታል። የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ፊደል ተቀርጻበታለች። ማታ ማታ ሦስቱም ይህን ጠረጴዛ እየዞሩ ስለ ድርሰታቸው ያወሩ ነበር። ኤምሊ በ1848፣ አን በ1849 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሻርሎት ብቻዋን ትዞር ጀመር። የቤታቸው ሠራተኛ ኮቴዋን ስትሰማ ልቧ እንደሚደማ ተናግራለች። ይቺን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ባልደረባዬ እንዳታይብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አባትየው ስድስቱንም ልጆቻቸውን ቀብረው በ1861 አረፉ። ያኔ የቤቱ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ፣ ጠረጴዛውም ሄደ። ሙዚየሙ ጠረጴዛውን ገዝቶ የራሱ ያደረገው በ2015 ነው፣ ያውም 580 ሺህ ፓውንድ ድጋፍ አግኝቶ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ!

አባባ ደራሲ አልነበረም ትይኝ ይሆናል። እኔም የምፈራው እሱን ነው። የታዋቂ ሰው ዕቃ ቢሸጥ እንኳ የሆነ ሰው ጋ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ይገኛል። የአባባ ዳዊት ከቆራሌው ጆንያ ከገባ ማን ይፈልገዋል? ገጾቹ ላይ የጧፉ ጠብታ አለ፤ ሃምሳኛው መዝሙር ጋ ሰሙ ገጹን አጣብቆታል። መነጽሩን አስቀምጪልኝ፣ አንቺ እግሩን በክር ያሰርሽለትን። የእድር ደብተሩንም። እዚህ የእጁ ጽሕፈት ያለበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለኝም።

አክስታችን «ለቀብሩ ያልመጣች ስለ ዕቃው ምን አገባት» ማለቷን ሰምቻለሁ። ወረቀቴ አላለቀም ነበር፣ ሚሚ። ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ያኔ ብመለስና ብቀር የእማዬን መድኃኒት ማን ይገዛ ነበር? ዝም ያልኩትም ጨክኜ አይደለም። በደወልኩ ቁጥር እሱ የሚያነሳ እየመሰለኝ ነው። እናንተ አልቅሳችሁ ቀብራችሁታል። እኔ አፈሩን እንኳ አላየሁም።

ይህን ለእማዬ እንዳታነቢላት። ሥራዋ ደህና ነው፣ ብርዱንም ለምዳዋለች በያት። የሌሊት ፈረቃ ብሆንም አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ ከባድ አይደለም።

የላክሁት ብር ለዓይኗ ነው። ፈራሁ ማለቷ አስጨንቆኛል። ስለነዚሁ ቄስ ንገሪያት። የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ማየት ተስኗቸው ነበር። በ1846 ማንችስተር ከተማ ያለ ማደንዘዣ ዓይናቸውን ተከፈቱ! ሻርሎት አብራቸው ነበረች፤ ስታስታምማቸው ነው ጄን ኤር የተባለውን መጽሐፏን መጻፍ የጀመረችው። ማየትም ቻሉ። ዛሬ ማደንዘዣው አለ፣ ሕክምናውም በደቂቃዎች ያልቃል። ስኳሯን ግን አስቀድማችሁ አስለኩ። ለሠርግሽ በደንብ አይታሽ እልል እንድትል ነው የምፈልገው።

ሠርግሽ! እኔ እኮ አሁንም ደብተርሽን ይዘሽ ስትሮጪ ነው የምትታዪኝ። ቀሚስሽን ሽሮ ሜዳ አሠሪው፣ በጥበቡ አትቆጥቢ። ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ፈቃድ ከሰጡኝ እመጣለሁ። ቃል ግን አልገባም፣ እማዬ ቀን መቁጠር ትጀምራለች። ጉልበት ስትስሙ በአባባ ቦታ የሚቀመጠው አጎታችን ነው አይደል? እንግዲያው ከአባባ ልብስ አንዱን ጋቢ ለነዳያን አትስጡት። አጎታችን እሱን ለብሶ ይመርቃችሁ።

ክፍሉን ካከራያችሁም አከራዩት፣ ከእንግዲህ አልቆጣም። ዕቃውን ግን በትልቁ ሳጥን አስገቢና ቁልፉን ለእማዬ ስጫት። የእማዬ ቀጠሮ እንደታወቀ ደውይልኝ። ሌሊት ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ።

እህትሽ