ስለ ጓደኛዋ ሳይሆን ስለ ዱላው ጠይቋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪዎች አከራያለሁ። ተከራዮቼ ከደንቢያ፣ ከጭልጋና ከወገራ የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ናቸው። ጤፉን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። እንጀራቸውን በኔ ምጣድ ይጋግራሉ። ወላጅ አጠገባቸው የለም። ስለዚህ ሲያማቸውም ሲከፋቸውም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ።

በባል ስለሚደበደቡ ሴቶች ጋዜጣችሁ ላይ አንብቤያለሁ። ደግ አድርጋችኋል፣ ቀጥሉበት። እኔ ግን ስላላገቡት ልጆች ልጽፍ ነው። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። "ጓደኛዬ" የሚሉት የፍቅር ጓደኛቸው ይመታቸዋል።

ዱላው በአንድ ቀን አይመጣም። መጀመሪያ ስልኳ ነው። የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃታል። ከዚያ ማን ደወለልሽ ይላል። ማታ በቪዲዮ ይደውልና "ክፍሉን ዙሪያውን አሳዪኝ" ይላታል። ጓደኞቿን አንድ በአንድ ያስተዋታል። የምትለብሰውን ይመርጥላታል። ቀጥሎ ስድብ ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ታግሳ "ስለሚወደኝ ነው" ትላለች። ቅናት የፍቅር ምልክት ነው ሲባል ሰምታ አድጋለች። እሱም "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ" ሲባል ሰምቶ አድጓል። ይህን ተረት ዛሬም በሰርግ ቤት እየሳቁ የሚተርቱ አዋቂዎች አሉ። እኔን ያንገበግበኛል።

አንዷ ተከራዬ ከቆላድባ አካባቢ የመጣች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጥምቀት ላይ ከአገሯ ልጆች ጋር ስትጨፍር ጓደኛዋ አይቷት ኖሯል። በማግስቱ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ገባች። "እትየ፣ በር መታኝ" አለችኝ። ጉንጯ ላይ ግን የጣት ሰንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻይ አፍልቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ብዙ ቆይታ ተናገረች። የመጀመሪያው አልነበረም። ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ ስላት "ለአባትሽ እነግራለሁ ይለኛል" አለች።

የያዛት በዚህ ነው። አባቷ ጓደኛ እንዳላት ቢሰሙ ትምህርቷ እንደሚያበቃ ልጁ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። እኛ አዋቂዎች የምንቆጣውን ቁጣ አንስቶ ማስፈራሪያ አደረገው።

ትምህርት ቤቷ አብሬያት ሄድኩ። ያነጋገሩን ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ግን መጀመሪያ የጠየቋት "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትገናኙት?" ብለው ነው። ቀጥለው "ወላጅ አምጪ" አሉ። ስለ ጉንጯ የጠየቀ የለም። አባትየው መጡ። እሳቸውንም ያስቆጣቸው መመታቷ ሳይሆን ጓደኛ መያዟ ነው። ፍራሿንና የስንቅ ጆንያዋን ባጃጅ ላይ ጭነው ይዘዋት ሄዱ። ልጁ ትምህርቱን ቀጠለ። በሰፈራችን ሲያልፍ አየዋለሁ።

የእህቴ ልጅ የምትሠራው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከኛ አገር ሰው ጎን ለጎን ከኤልሳልቫዶርና ከሌላው የላቲን አሜሪካ አገር የሄዱ ቤተሰቦች በብዛት ይኖራሉ። ይህን ስነግራት አልገረማትም። ካርሎስ ኩዌቫስና ቺያራ ሳቢና የተባሉ ተመራማሪዎች ከላቲኖ ቤተሰብ የሆኑ 1,525 ልጆችን ጠይቀዋል አለችኝ። ልጆቹ ከ12 እስከ 18 ዓመት ናቸው፣ ሴቶችም ወንዶችም። ከአምስቱ አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍቅር ጓደኛው ጥቃት ደርሶበታል። በብዛት የታየው ስድቡ፣ ዛቻውና ቁጥጥሩ ነው። እዚህ ስልክ በመቆጣጠር የሚጀምረው መሆኑ ነው። ልጆቹ ደግሞ ፖሊስ ወይም ትምህርት ቤት ከመሄድ ይልቅ ለእኩዮቻቸው ይነግራሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ከአገር እንባረራለን ብሎ ፖሊስ ይፈራል። የኛዋ አባቷን ትፈራለች።

ከነገረችኝ ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። ቤተሰቤ ከጎኔ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ ለዚህ ጥቃት የመጋለጥ ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የላቲኖ ቤተሰብም እንደኛው ነው፣ ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት፣ የአባት ቃል የሚከበርበት። ያው ቤተሰብ ለልጅቷ መጠጊያ መሆን ይችላል ማለት ነው። የኛስ ቤተሰብ ለምን አይችልም?

እዚህ ችግሩ መቆጠሩንም እጠራጠራለሁ። በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ስለሚያደርሰው ጥቃት የተጠየቁት ያገቡ ወይም አግብተው የፈቱ ሴቶች ናቸው። ጓደኛዋ የሚመታት ተማሪ እዚያ ጥያቄ ውስጥ አትገባም። በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ወጥ ካሳረረች፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ከተከራከረችው፤ ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በዝተዋል። እናቷ እንዲህ የምታስብ ልጅ ማንን አምና ትናገር?

ሕጉም ቢሆን ስለ ትዳር ነው የሚያስበው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የሚያነሳው በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ነው። የተማሪ ጓደኛ እዚያ የለም። ይህ ግን ልጁን ነፃ አያደርገውም። ሰውን ደብድቦ መጉዳት በማንም ላይ ቢፈጸም ወንጀል ነው። ልጆቻችን ይህንን የሚነግራቸው አላገኙም።

የእህቴ ልጅ ሌላም አጫውታኛለች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ እዚያው አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በ14 ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ትምህርት አለ። አሥር ክፍለ ጊዜ ነው። ሴትና ወንድ አብረው ቁጭ ብለው ስለ ቅናት፣ ስለ ቁጣ፣ ጓደኛቸው ሲደበደብ ቢያዩ ምን እንደሚያደርጉ ይማራሉ። ከአራት ዓመት በኋላም የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ያነሰ ጥቃት አድርሰዋል፣ ያነሰም ደርሶባቸዋል። አሥር ክፍለ ጊዜ ለከተማችን ትምህርት ቤቶች ብዙ ነው? የሥርዓተ ጾታ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ወንዶቹም ይግቡበት። ለሴቶቹ ብቻ "ተጠንቀቁ" ማለት በቂ አይደለም። እጁን የሚያነሳው እሱ ነው፣ የሚነገረው ግን ለእሷ ነው።

ርዕሰ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተመታሁ ብላ የመጣች ልጅ ወላጅ አምጪ ከመባሏ በፊት የምታምነው አዋቂ ማን እንደሆነ ትጠየቅ። አክስቷ ልትሆን ትችላለች፣ መምህርቷ ልትሆን ትችላለች። ጉዳቷን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ልጁም ይጠራ፣ የሱም ወላጅ ይምጣ። ስለ ጓደኝነቱ የሚነገር ምክር ካለ በኋላ ይደርሳል።

አባቶችንም እለምናለሁ። ልጅዎ ጓደኛ መያዟ አያስደስትዎ ይሆናል፣ እናት ነኝና ይገባኛል። ግን "የሚመታሽ ካለ መጥተሽ ንገሪኝ፣ ከትምህርትሽ አላስቀርሽም" ይበሏት። ሳይመታት በፊት ይበሏት። ያን ቀን ልጁ የሚያስፈራራበት ነገር ያጣል።

በሰፈራችን ለተማሪ የምናከራይ ብዙ ነን። የቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያዎች አንድ ቀን ሰብስበው ማን ጋ መደወል፣ የት መውሰድ እንዳለብን ቢያስረዱን ደስ ይለናል። ቦታ ከቸገረ ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ወንበር ከእድር አመጣለሁ።

አንዲት ቤት አከራይ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር